3.2 ወይስ 1.6? የአንድ ሰሞን የክሎክ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 3

ነገሩን ያመጡብኝ ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው። የሰፈራችን ጥግ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው፤ ሁለተኛ ኮምፒውተር ሊጨምሩ ፈልገው ትናንት መርካቶ ወርደው ነበር። ሻጩ ሁለት ያገለገሉ ዕቃዎች አሳይቷቸዋል። አንደኛው ዴስክቶፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ (ትእዛዙን ሁሉ የሚያስኬደው ዋና አካል) ኮር አይ ፋይቭ 650፣ ክሎኩ 3.2 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 3.2 ቢሊዮን ምት። ሁለተኛው ላፕቶፕ ነው፤ እሱም ኮር አይ ፋይቭ፣ 8250ዩ፣ 1.6 ጊጋኸርዝ። ላፕቶፑ በደንብ ይወደዳል። ጋሼ ሁሉንም በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፈው ይዘውልኝ መጡ።

«ሁለቱም አይ ፋይቭ ናቸው አለኝ። ይሄ 3.2፣ ያኛው ግማሹ። ምን በወጣኝ ነው ለግማሹ አብልጬ የምከፍለው?»

«ጋሼ፣ የሚፈጥነው ላፕቶፑ ነው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ዴስክቶፑ በፈረንጆች 2010 የወጣ ነው፣ ላፕቶፑ 2017። አዲስ ስለሆነ...»

«አዲስ ጫማ ያደረገ ሁሉ ይሮጣል እንዴ?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። መልሱን በጥቅሉ አውቀዋለሁ፤ ግን «በአንድ ምት ብዙ ይሠራል» ብዬ ብጀምር «አሳየኝ» እንደሚሉኝም አውቃለሁ። እንግዲያው ላሳያቸው። እግረ መንገዴን ለራሴም ልይ፤ ለዓመታት ስደግመው የኖርኩትን ነገር አንድ ቀን እንኳ ለክቼው አላውቅም። (ከዚህ በታች ስለ ፕሮሰሰሮች የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ካሉኝ ዕቃዎች ሦስት መረጥኩ። የመጀመሪያው ከአልጋ ሥር ያወጣሁት ፔንቲየም 4 ነው፤ ፕሬስኮት የሚባለው፣ የ2004 ሥሪት፣ 3.0 ጊጋኸርዝ። ሁለተኛው ኮር 2 ዱኦ ኢ6300፣ የ2006፣ 1.86 ጊጋኸርዝ። ሦስተኛው የራሴ ላፕቶፕ ነው፤ እንዳጋጣሚ ጋሼ መርካቶ ካዩት ጋር አንድ ዓይነት 8250ዩ።

ፔንቲየሙን ከፈትኩት። ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ የተባዘተ ጥጥ ይመስላል። ፔስቱን (ሙቀት አስተላላፊውን ቅባት) ልቀይር ብዬ ሂትሲንኩን (ፕሮሰሰሩ ላይ የተጫነውን ማቀዝቀዣ ብረት) ወደ ላይ ስስበው ፕሮሰሰሩም አብሮ ተነቅሎ መጣ፤ መቆለፊያው እንደተቆለፈ። ሶኬት 478 በሚባለው በዚህ መሰኪያ ላይ የሠራ ሰው ይሄን ጉድ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር፣ ረሳሁት። የደረቀ ፔስት ሙጫ ነው። አስቀድሞ ማሽኑን አሥር ደቂቃ አሠርቶ ማሞቅ፣ ከዚያ ሂትሲንኩን ወዲያ ወዲህ እያሽከረከሩ ማላቀቅ ነበር የሚገባው። ከ478ቱ እግሮች ሰባቱ ጎበጡ። በምላጭ ጀርባና በእናቴ የስፌት መርፌ አንድ በአንድ ሳቃና ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆነ። መለስኩት፤ ያለ ግፊት ገባ። ኃይል ሰጠሁት፤ ተነሣ። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጠይቀውም።

እሑድ፣ ጥር 4

ሦስቱም ላይ ባለ 32 ቢቱን ዴቢያን 12 (የሊኑክስ ሥርዓት ነው) ያለ ግራፊክስ ጫንኩ። ኡቡንቱን ለምጄ ነበር፤ እሱ ግን 32 ቢትን ከተወ ቆይቷል፣ ይሄ ፔንቲየም ደግሞ ከ32 ቢት በላይ አያውቅም። ላፕቶፑን በ32 ቢት ማስነዳት በረኛን አጥቂ እንደማድረግ ነው፤ ሆኖም ሆን ብዬ ነው። አንድ ፕሮግራም የሚፈጀው ጊዜ ከሦስት ነገር ይወጣል፤ ስንት ትእዛዝ አለው፣ አንዱ ትእዛዝ በአማካይ ስንት ምት ይወስዳል፣ በሴኮንድ ስንት ምት አለ። ሱቅ ላይ የሚለጠፈው ሦስተኛው ብቻ ነው። ያንኑ ፋይል ሳልለውጥ ሦስቱም ላይ ካስኬድኩት የትእዛዙ ብዛት እኩል ይሆናል፤ የምለካው የቀሩትን ሁለቱን ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ሲፈቀድለት እስከ 3.4 ይወጣል። ይሄን ዘግቼ 1.6 ላይ አሰርኩት፤ ጋሼ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር እሱ ስለሆነ ለጊዜው በሱ ይዳኝ።

የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው ብዬ አሰብኩ፤ 12 ቢሊዮን ጊዜ 1 መደመር። በሲ ቋንቋ ጻፍኩት፣ በጂሲሲ ኮምፓይል አደረግኩት (ወደ ማሽኑ ትእዛዝ ቀየርኩት)፣ አስኬድኩት። ፔንቲየሙ 0.00 ሴኮንድ። ኮር 2 0.00 ሴኮንድ። ለአፍታ ዓለም የተገለበጠ መሰለኝ። ለካ ኮምፓይለሩ መልሱን ራሱ አስልቶ ድግግሞሹን በሙሉ አውጥቶ ጥሎታል። ብልጥ ነው፣ ግን አልጠየቅኩትም። መደመሩን በአሴምብሊ፣ የማሽኑን ትእዛዝ አንድ በአንድ በሚጽፉበት ቋንቋ፣ ጽፌ፣ 16 ጊዜ ደራርቤ፣ እንዳይነካው አሰርኩት።

አሁን መልሱ መጣ። ፔንቲየም 4 በ4.0 ሴኮንድ ጨረሰ። ኮር 2 ዱኦ 6.4 ፈጀ። ላፕቶፑ 7.5።

ደግሜ አስኬድኩት፤ ያው ነው። አሮጌው አንደኛ፣ አዲሱ ውራ። ይሄን ለጋሼ ባሳያቸው መርካቶ ሮጠው 3.2ቱን ይዘው ይመጣሉ።

ሻይ አፍልቼ ተቀመጥኩና ቁጥሮቹን አየኋቸው። 12 ቢሊዮንን ለ3.0 ሲያካፍሉት 4.0 ይሆናል። ለ1.86 ሲያካፍሉት 6.4። ለ1.6 ሲያካፍሉት 7.5። ሦስቱም ለአንድ መደመር አንድ ምት እየከፈሉ ነው፤ ያለ አንዳች ልዩነት። ጥፋቱ የፈተናው ነው። እያንዳንዱ መደመር ከሱ በፊት ያለውን ውጤት ይጠብቃል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀምርም። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ጉብዝናውን የሚያሳይበት ቦታ የለውም፤ የቀረው የምቱ ፍጥነት ብቻ ነው። አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ በር ላይ አሥር ሰው ይዞ መምጣት ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ ሳላውቀው የሠራሁት የክሎክ መለኪያ ነው። ለክሎክ ጥሩ መለኪያ፣ ለኮምፒውተር መጥፎ መለኪያ። ፋይሉን አልጣልኩትም፤ በኋላ ይጠቅማል።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ እውነተኛ ሥራ። 100 ሜጋባይት የሚሆን የሰነድ ክምችት በአንድ ታር ፋይል (ብዙ ፋይል በሚይዝ ጥቅል) አድርጌ በኤክስ ዜድ፣ ፋይልን በሚያሳንስ ፕሮግራም፣ ማጨቅ፤ በአንድ ኮር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት ሠራተኞች በአንዱ ብቻ። ማጨቅ የተደባለቀ ሥራ ነው፤ ይደምራል፣ ያወዳድራል፣ ሚሞሪ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይፈልጋል፣ በየደረጃው «ይሄ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ» ይላል። ሰው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሥራ በጠባዩ ከመደመሩ ይልቅ ወደዚህ ያደላል።

ፔንቲየሙ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ ይሄ የመጀመሪያ ድሉ ነው። መብራቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ መጣ፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ።

ፔንቲየም 4 በ3.0፦ 118 ሴኮንድ። ኮር 2 ዱኦ በ1.86፦ 86 ሴኮንድ። ላፕቶፑ በ1.6፦ 64 ሴኮንድ።

የእሑዱ ደረጃ ተገለበጠ። ግን ሴኮንዱን ትቼ ጊዜውን በክሎኩ ሳባዛው ነው ነገሩ የበራልኝ። ፔንቲየሙ ሥራውን ለመጨረስ ወደ 354 ቢሊዮን ምት ፈጅቷል። ኮር 2 160 ቢሊዮን። ላፕቶፑ 102 ቢሊዮን። ፋይሉ ያው ነው፣ የትእዛዙም ብዛት ያው ነው፤ አንዱ ከሌላው ሦስት እጥፍ ተኩል ምት ይበላል።

ትርፉ የት ሄደ? አንደኛው ስፋት ነው። ኮር 2 በአንድ ምት እስከ 4 ትእዛዝ ድረስ ጎን ለጎን ሊያሳልፍ ይችላል። እርስ በርስ የማይጠባበቁ ትእዛዞች ሲያገኝ እኩል ያስኬዳቸዋል። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ደግሞ ሩቅ ያያል፤ 224 ያህል ያላለቁ ትእዛዞችን በአንድ ጊዜ ይዞ ከመካከላቸው የደረሰውን ያስቀድማል፤ ኮር 2 የሚይዘው 96 ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርቱ እስኪበስል ድስቱ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ አለ፤ እስከዚያ ቅመሙን የሚያዘጋጅ፣ ዕቃ የሚያጥብም አለ። የግድግዳው ሰዓት ለሁለቱም እኩል ይቆጥራል።

ሁለተኛው ካሽ ሜሞሪ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ቶሎ የሚፈልገውን አጠገቡ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ፈጣን ማከማቻ፤ የፔንቲየሙ የቅርብ የውሂብ ካሽ 16 ኪሎባይት ብቻ ነው፣ የኮር 2 ደግሞ 32። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉም የሚያስገርመኝ ስለሆነ የራሱ ምሽት ይገባዋል። አሁን እንቅልፌ መጥቷል።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ፔንቲየም 4 ለምን 3 ጊጋኸርዝ ሆነ? ኮር 2ስ ከሁለት ዓመት በኋላ መጥቶ ለምን 1.86 ሆነ? ያው ኩባንያ፣ ያው ኢንቴል ነው። ወደ ኋላ የሄደ ይመስላል።

ደቦ ወጥተው ድንጋይ በእጅ የተቀባበሉ ሰዎች ይሄን ቶሎ ይረዱታል። ከወንዙ እስከ ካቡ ድረስ 10 ሰው ቢሰለፍ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት እርምጃ መራመድ አለበት። 31 ሰው ቢሰለፍ ግን ማንም አይራመድም፤ ዞር ብሎ ማቀበል ብቻ ነው። አቀባባዩ «ሃ!» የሚልበት ምት በጣም ሊፈጥን ይችላል። ፕሮሰሰር ውስጥ ይሄ ሰልፍ ፓይፕላይን ይባላል። ፔንቲየም 3 ወደ 10 ደረጃ ነበረው። በኅዳር 2000 የወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየም 4 20 አደረገው። ፕሬስኮት 31። እያንዳንዱ ደረጃ የሚሠራው ሥራ ስላነሰ ክሎኩ ወጣ፤ አንዲት ድንጋይ ከወንዙ ካቡ ለመድረስ ግን 31 ምት ይወስድባታል።

ጣጣው የሚመጣው የተሳሳተ ድንጋይ ሲቀባበሉ ነው። ፕሮግራም ውስጥ «ከሆነ... ካልሆነ» የሚል መንታ መንገድ በየጥቂት ትእዛዙ አለ። ፕሮሰሰሩ የመንታውን መልስ እስኪያውቅ ቆሞ አይጠብቅም፤ ገምቶ ሰልፉን ይሞላል። ግምቱ ከሳተ ሰልፉ ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ ይጣላል፤ እንደገና ከወንዙ ይጀመራል። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር የሚጣለው ይበዛል።

ይሄንን መለካት ይቻላል፤ ለካሁት። ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮች በዘፈቀደ የሞሉበት ሰንጠረዥ ሠርቼ «ከ128 በታች ከሆነ ዝለል፣ ካልሆነ ደምር» የሚል ፕሮግራም ጻፍኩ፤ በጠቅላላው 1 ቢሊዮን ቁጥር እስኪያይ ይመላለሳል። ቀጥሎ ያንኑ ሰንጠረዥ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሬ ያንኑ ፕሮግራም አስኬድኩ። ሥራው አንድ ነው፤ ሲደረደር ግን ግምቱ ቀላል ይሆናል፣ ሳይደረደር ግማሹን ይስታል።

ፔንቲየሙ ተደርድሮ ሳለ 1.1 ሴኮንድ፣ ሳይደረደር 6.2 ሴኮንድ። ኮር 2 ተደርድሮ 0.9፣ ሳይደረደር 5.0። ልዩነቱን በክሎክ አባዝቼ ግማሽ ቢሊዮን ለሚሆኑት ስሕተቶች ሳካፍለው ፔንቲየሙ ለአንድ የሳተ ግምት 31 ምት ያህል ይከፍላል፤ ኮር 2 15 ያህል። የኮር 2 ፓይፕላይን 14 ደረጃ ነው። ወረቀት ላይ ያነበብኳቸው ቁጥሮች ከራሴ ጠረጴዛ ላይ ሲወጡ ማየት፣ እውነቴን ነው የምለው፣ የተለየ ደስታ አለው። መቼም ለዚህ ደስታ ሰባት እግር ማቃናት አይበዛበትም።

ልብ ያልኩት ሌላ ነገር አለ። በሴኮንድ ሲቆጠር የአንዱ ስሕተት ዋጋ በሁለቱ መካከል ብዙም አይራራቅም። 31 ፈጣን ምትና 15 ዘገምተኛ ምት ተቀራራቢ ናቸው። በክሎክ የተገኘው ትርፍ እዚህ ጋ ተመልሶ ይከፈላል ማለት ነው።

ታዲያ ኢንቴል ይሄን አያውቅም ነበር? በደንብ ያውቃል። ግን ገዢው ጋሼ ነበር፤ የዓለም ጋሼ ሁሉ። በመጋቢት 2000 ተፎካካሪው ኤኤምዲ 1 ጊጋኸርዝን ከኢንቴል ሁለት ቀን ቀድሞ ሲያሳውቅ እንደ ሩጫ ድል ነበር የተወራው። ከዚያ ኤኤምዲ ራሱ የዚያ ቁጥር እስረኛ ሆነ። በ2001 መጨረሻ ያወጣው አትሎን ኤክስፒ 1800+ እውነተኛ ክሎኩ 1.53 ነበር፤ «1800+» የሚለው ስም የተሰጠው ገዢው 1.53ን አይቶ እንዳይሸሽ ነው። አፕልም በዚያው ዓመት 867 ሜጋኸርዝ ጂ4 ማኩን ከ1.7 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ጋር መድረክ ላይ አወዳድሮ «የሜጋኸርዝ ተረት» ሲል ነበር። የራሱን የሚስማማውን ፈተና መርጦ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ እኔም እሑድ ዕለት ሳላውቅ ያደረግኩት ያንኑ ነው፣ በተቃራኒው።

ቅዳሜ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ጠዋት ላይ ሌላ ጥያቄ፤ በአንዱ ፕሮሰሰር ውስጥ ብቻስ? ቤተሰቡ ሳይቀየር ክሎኩ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል? ለዚህ ላፕቶፑ ይመቻል፤ ክሎኩን በትንሽ በትንሹ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ኮር 2 ላይ ያሉት 1.6 እና 1.86 ብቻ ናቸው፣ ፔንቲየሙ ደግሞ ዝቅ አልልም ያለ ነው።

800 ሜጋኸርዝ፣ 1.6፣ 2.4፣ 3.2 ላይ ሦስት ፕሮግራም አስኬድኩ። የእሑዱ መደመር እንደጠበቅኩት ነው፤ 15.0፣ 7.5፣ 5.0፣ 3.75። ገመድ ተወጥሮ የተለካ ይመስላል። ኤክስ ዜድ 120፣ 64፣ 45፣ 36 ሴኮንድ። ክሎኩ አራት እጥፍ ሆነ፣ ሥራው ሦስት እጥፍ ከሢሶ ብቻ ፈጠነ። ትንሽ ነገር ከመንገድ ቀረ።

ሦስተኛው ፕሮግራም ሚሞሪን ማሳደድ ነው። 256 ሜጋባይት ውስጥ የተበተኑ አድራሻዎች፤ አንዱ ወደሚቀጥለው ይጠቁማል፣ የሚቀጥለው የት እንዳለ ሳይደርሱበት አይታወቅም፤ ካሽ ውስጥ አይገባም። 100 ሚሊዮን እርምጃ። ውጤቱ 14.1፣ 11.9፣ 11.2፣ 10.9።

ከ1.6 ወደ 3.2 ሲወጣ፣ ማለትም ሙሉ እጥፍ ሲሆን፣ ያገኘሁት አንድ ሴኮንድ ነው። ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ አንድ!

ምክንያቱ ራሙ፣ ከፕሮሰሰሩ ውጭ ያለው ዋናው ሚሞሪ፣ ነው። ራሙ የሚመልሰው በራሱ ጊዜ ነው፤ እዚህ በአንድ እርምጃ 109 ናኖሴኮንድ ያህል። በ3.2 ጊጋኸርዝ ያ ማለት 350 ምት ገደማ ነው። ፕሮሰሰሩ 350 ጊዜ «ሃ!» ይላል፤ ድንጋይ ግን የለም። ክሎኩን ብጨምር በባዶ የሚጮኸው «ሃ!» ይበዛል እንጂ ራሙ አይሰማውም። ለዚህ ነው ከፕሮሰሰር ገጽ ላይ ካሽ ሰፊ ቦታ የሚወስደው። ርቀትም የራሱ ዋጋ አለው፤ ብርሃን እንኳ በ3 ጊጋኸርዝ በአንድ ምት ውስጥ የሚጓዘው 10 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፣ በማዘርቦርድ ሽቦ ላይ የሚሄድ ምልክት ደግሞ ከዚያ ያነሰ።

ከሰዓት ሁሉንም አጥፍቼ ከእናቴ ጋር ወጣን። ከበሮው ምንም ያህል ቢደምቅ ታቦቱ የሚሄደው በእርጋታው ነው። ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ሮጠው ያነጥፋሉ፣ ቆመው ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ። እኔ ደግሞ ቆሜ ስለ ራም አስባለሁ። እናቴ «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ፤ ምን ልበላት።

ሰኞ፣ ጥር 12

ዛሬ ሙቀት። ላፕቶፑን ከታሰረበት ፈታሁት፤ እስከፈለገበት ይውጣ። አራት ኤክስ ዜድ በአንድ ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ኮር አንድ።

ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ ጀመረ። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው መውረድ ጀመረ፤ ሁለት ደቂቃ ሲሞላው 1.7 ላይ ነው፣ ሙቀቱ 97 ዲግሪ። ይሄ ፕሮሰሰር 100 ላይ ራሱን ለማዳን ይቆነጥጣል፤ የኔው ደግሞ ለመቆንጠጥ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል። የኋላ ክዳኑን ከፈትኩ። ፋኑና የመዳብ ክንፎቹ መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት፣ ፔስቱን ቀየርኩ። (ይሄኛው በብሎን ነው የተያዘው፤ ምንም አልተነቀለም።) ደግሜ ሳስኬድ 2.4 ላይ ረጋ፣ 81 ዲግሪ። ያው ዕቃ፣ ያው ቁጥር የተለጠፈበት፣ በብሩሽ ብቻ ከ1.7 ወደ 2.4።

«1.6» እና «3.4» የሚሉት ቁጥሮች እንግዲህ በከባድ ሥራ ላይ ወለልና ጣሪያ ናቸው። ፕሮሰሰሩ በመካከላቸው የሚኖረው በሙቀቱና በተፈቀደለት ኃይል ነው፤ ይሄኛው ለረጅም ጊዜ የሚፈቀድለት 15 ዋት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል። በምትኩ ብርዱ ይረዳናል፤ በጥር ሌሊት መስኮት ከፍቶ መሥራት የሚችል ሁሉ ተጠቃሚ ነው።

የሙቀቱ ሒሳብ ነው ጠቅላላውን ታሪክ የለወጠው። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከክሎኩ ጋር ይወጣል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ይወጣል። ክሎኩን ለመጨመር ብዙ ጊዜ ቮልቴጁንም መጨመር ያስፈልጋል። በተቃራኒው ሁለቱንም በ20 በመቶ ብንቀንስ 0.8 በ0.8 በ0.8፣ ማለትም 0.51። ፍጥነቱ አንድ አምስተኛ ቀነሰ፣ ኃይሉ ግማሽ ሆነ። በተረፈው ግማሽ ሌላ ኮር መትከል ይቻላል፤ ሁለት ኮር በ80 በመቶ ማለት፣ ሥራው የሚከፈል ከሆነ፣ 1.6 እጥፍ ሥራ ነው፣ በዚያው ኤሌክትሪክ።

ለረጅም ጊዜ ይሄ ምርጫ አላስፈለገም ነበር። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 እንዳሳዩት ትራንዚስተር (ፕሮሰሰር የሚሠራበት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ) ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ስለሚያንስ ክሎኩን መጨመር በነፃ ነበር ማለት ይቻላል። ከ1971ዱ 4004 ከተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር 740 ኪሎኸርዝ፣ በ1981 ወደ አይቢኤም ፒሲ 4.77 ሜጋኸርዝ፣ በ2000 ወደ 1 ጊጋኸርዝ። ከዚያ ትራንዚስተሩ እጅግ ሲያንስ ኤሌክትሪክ ሳይሠራም መንጠባጠብ ጀመረ፤ ቮልቴጁ መውረዱን ተወ፣ ነፃው ነገር አለቀ። የእኔ ፕሬስኮት እዚያው ድንበር ላይ ነው የተወለደው፤ 89 ዋት። ኢንቴል በ2004 ግንቦት የሱን ተተኪ ቴሃስን ሰረዘ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ ቃል የገባውን 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4። ቤተሰቡ 3.8 ላይ ቆመ።

ይሄንንም ትንሽ ሞከርኩት። ሁለት ኤክስ ዜድ እኩል ሳስነሣ ኮር 2 ሁለቱንም በ91 ሴኮንድ ጨረሰ፤ ለአንዱ 86 ነበር የፈጀው። ፔንቲየሙ ለሁለቱ 190። ጋሼ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አንዱ ደንበኛ ሲያሳትም ሌላው ስካን ሲያስደርግ የሚሆነው ይሄ ነው። አንድ የማይከፈል ሥራ ላይ ግን ሁለተኛው ኮር ተቀምጦ ነው የሚያየው።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ጋሼ ሱቃቸውን ዘግተው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ አሰለፍኩላቸው። ገለጻ አላበዛሁም፤ መጀመሪያ መደመሩን አስነሣሁ፣ ባለ 3ቱ ሲያሸንፍ አዩ። ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ኤክስ ዜዱን፤ ላፕቶፑን 1.6 ላይ አስሬ፣ በወረቀታቸው ቁጥር። ባለ 3ቱ ፋኑ እየጮኸ፣ ላፕቶፑ ዝም ብሎ። ላፕቶፑ ሲጨርስ አሮጌው ገና ግማሹን ማለፉ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ደግመው። ሰዓቴን ልያዝ።»

ደገምኩት። በእጅ ሰዓታቸው ቆጠሩ።

«ስለዚህ ይሄ ቁጥር እርምጃ ነው የሚቆጥረው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ የእርምጃውን ርዝመት የት ነው የሚጽፉት?»

«አይጽፉትም። በሚሠሩት ሥራ መለካት ነው። አንዱ ሥራ ላይ ረጅም የሆነው ሌላው ሥራ ላይ ሊያጥር ይችላል። እንደዚያም ሆኖ የአንድ ቤተሰብ፣ የአንድ ትውልድ ዕቃ ሲሆን ቁጥሩ ያገለግላል። 3.2ቱ ከ2.8ቱ ወንድሙ ይሻላል።»

ደረሰኙን አውጥተው እንደገና አዩት። ከዚያ ላፕቶፑን በአንድ እጃቸው አንሥተው ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ይሄን ግን አልገዛም» አሉ።

«ምነው?»

«ቀለለ። እንዲህ አድርገው አንሥተውት ይሄዳሉ እኮ። ሱቁ ውስጥ በቀን ስንት ሰው ነው የሚገባው። ያንን ዴስክቶፕ ማን ተሸክሞት ይሮጣል?»

ምን እላለሁ። ደግሞም የሳቸው ሥራ ደብዳቤ መጻፍ፣ መታወቂያ ስካን ማድረግ፣ ማተም ነው፤ ኮር አይ ፋይቭ 650 ለዚያ ይበቃል። ያሁኑ ኮምፒውተራቸው ሲነሣ ቡና የሚያስፈላው ሃርድ ዲስኩ እንጂ ፕሮሰሰሩ አይደለም። ከላፕቶፑ ዋጋ ልዩነት ላይ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ገዝተን ዴስክቶፑ ላይ እንድንገጥም ተስማማን። በዋጋው ላይም ገና ሊከራከሩ ነው፤ «3.2 ነው ብሎ እንዳያስፈራራኝ አሁን አውቄበታለሁ» ብለው ወጡ።

ቅዳሜ ይዘውት ይመጣሉ። ፔስቱንም እቀይርለታለሁ። ያ ሶኬት 1156 ነው፤ እግሮቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ደግሞ የብረት ክፈፍ ከላይ ስለሚይዘው ከሂትሲንኩ ጋር ተነቅሎ አይመጣም። ቢሆንም አሥር ደቂቃ አሙቄ ነው የምነካው። መርፌውንም ለእናቴ መለስኩላት።